ነፋሱን የተቀበለው ሰው ድርሻ



አንድ ሰው ባሸነፈ ጊዜ ድሉ የማን ነው? ጥያቄው ሲያዩት ቀላል ይመስላል። ዋንጫውን የተቀበለ፣ ስሙ የተጠራ፣ ፎቶግራፉ በጋዜጣ የወጣ እርሱ አሸናፊ ነው ብሎ መልሶ ማለፍ ይቻላል። ይሁን እንጂ ከዋንጫው ተነሥቶ የመጣበትን መንገድ ወደ ኋላ ለሚከተል ሰው መልሱ እንዲህ በቀላሉ አይገኝም። በመንገዱ ላይ ሌሎች ሰዎች ይገኛሉና።

ለጥያቄያችን ምሳሌ እንዲሆን የብስክሌት እሽቅድምድምን መርጫለሁ። ምክንያቴም ሁለት ነው። አንደኛ፣ በየቅዳሜው ንጋት ከአንድ የአማተር ብስክሌተኞች ቡድን ጋር ስለምለማመድ ነገሩን በወሬ ሳይሆን በእግሬና በሳንባዬ ዐውቀዋለሁ። ሁለተኛ፣ ብዙ ሰው ብስክሌትን የግል ስፖርት አድርጎ ይገምተዋል፤ በእርግጥ ግን ቡድን ሙሉ ደክሞ አንድ ሰው ብቻ የሚሸለምበት ውድድር ነው። ስለዚህ የጥያቄያችን መልክ ከሌላ ቦታ ይልቅ በዚህ ገሐድ ሆኖ ይታያል።

በመጀመሪያ የነፋሱን ነገር ማስረዳት ያስፈልጋል። በሜዳማ መንገድ ላይ በፍጥነት ለሚጋልብ ሰው ትልቁ ጠላት ርቀቱ ወይም የብስክሌቱ ክብደት አይደለም፤ አየሩ ነው። ነፋስ በሌለበት ቀን እንኳ ጋላቢው በገዛ ፍጥነቱ ነፋስ ይፈጥራል። ፍጥነቱን እጥፍ ላድርግ ቢል አየሩን ለመግፋት የሚያስፈልገው ጉልበት እጥፍ ብቻ ሳይሆን ስምንት እጥፍ ይሆናል። ታዲያ ከፊተኛው ጎማ በኋላ አንድ ወይም ሁለት ስንዝር ብቻ ርቆ የሚጋልብ ሰው ነፋሱ ተቀንሶ ይደርሰዋል፤ እንደ ፍጥነቱና እንደ ርቀቱም የድካሙ ሩብ ወይም ሲሶ ያህል ይቀርለታል። ሁለቱ እኩል ፈጥነው እኩል ርቀት ሄደዋል፤ ነገር ግን እኩል አልደከሙም። አንዱ የከፈለውን ሌላው አልከፈለም።

ከዚህም የተነሣ የብስክሌት ቡድን በልምምድ ላይ ተራ ያወጣል። ፊት የሚመራው ለጥቂት ጊዜ ነፋሱን ይቀበላል፤ ከዚያም ክርኑን ነቅነቅ አድርጎ ምልክት ይሰጥና ወደ ጎን ዘወር ይላል፤ ሁለተኛው ወደ ፊት ይወጣል፤ የወረደውም ከሰልፉ ጭራ ገብቶ ትንፋሹን ይሰበስባል። ይህን ሳይ ሁልጊዜ የአገራችን ገበሬ ወንፈል ትዝ ይለኛል። ዛሬ የአንተን ማሳ፣ ነገ የእኔን። የሰጠኸውን ጉልበት በጉልበት ትመልሳለህ። ወንፈል ምጽዋት አይደለም፤ ብድር ነው፤ ሰውም በዚህ አያፍርም፣ አይኮራም።

በተራው ውስጥ ሌላም ነገር አለ። ከኋላ የሚጋልብ ሰው መንገዱን አያይም። የሚያየው የፊተኛውን ጀርባና ጎማ ብቻ ነው። ጉድጓድ፣ ድንጋይ፣ የተኛ ውሻ ቢኖር የሚያይለት ፊት ያለው ነው፤ በእጁ ይጠቁማል ወይም ይጮኻል። ምልክት ሳይሰጥ በድንገት ፍሬን የያዘ ሰው ራሱ ላይወድቅ ይችላል፤ ከኋላው ያሉት ግን እርስ በርሳቸው ይጋጫሉ። እንግዲህ መሪነት ነፋስን መሸከም ብቻ ሳይሆን ለሌላው ዐይን መሆንም ነው። መጠለልም እንዲሁ በነፃ አይገኝም፤ የሚጠለለው ሰው ጎኑንና አጥንቱን በሌላው ጥንቃቄ ላይ ጥሎ ነው የሚሄደው።

እስከዚህ ድረስ ነገሩ ያማረ ነው። ችግሩ የሚመጣው የውድድር ቀን ነው። በውድድር ቀን ወንፈሉ ይቀርና ደቦ ይሆናል። ቡድኑ ከመካከሉ ለመጨረሻው መስመር የሚመቸውን አንድ ሰው ይመርጣል፤ ሌሎቹ ሁሉ ለእርሱ ይሠራሉ። ነፋሱን ይቀበሉለታል፤ ወደ ኋላ ቀርተው ከመኪና የውኃ ኮዳ ይቀበሉና በማልያቸው ውስጥ ጠቅጥቀው እንደገና ዳገቱን ይወጣሉ፤ ጎማው ቢተነፍስ የራሳቸውን አውልቀው ይሰጡታል። በመጨረሻ ጉልበታቸው ሲያልቅ ወደ ጎን ይወጣሉ፤ እርሱ ያን ጊዜ ከጥላ ይወጣና መስመሩን ያልፋል። በውጤት ዝርዝሩ ላይ እርሱ አንደኛ፣ እነርሱ ሰባኛና ሰማንያኛ ይሆናሉ።

ለእንዲህ ያለው ሠራተኛ የተሰጡት ስሞች ራሳቸው አንድ ነገር ይናገራሉ። ኢጣልያኖች ግሬጋሪዮ ይሉታል፤ ከመንጋው አንዱ፣ ተራ ወታደር እንደ ማለት ነው። ፈረንሳዮች ዶሜስቲክ ይሉታል፤ ይኸውም የቤት አሽከር ማለት ነው። ቃሉ በመጀመሪያ የመጣው በስድብ መልክ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1903 የተጀመረው የቱር ደ ፍራንስ አዘጋጅ አንሪ ደግራንዥ፣ እያንዳንዱ ጋላቢ በገዛ ጉልበቱ ብቻ ይሂድ የሚል ጽኑ እምነት ነበረው። እ.ኤ.አ. በ1911 ሞሪስ ብሮኮ የተባለ ተወዳዳሪ ጉልበቱን ለሌላ ጋላቢ አገልግሎት በማዋሉ ተቆጥቶ ‹‹አሽከር›› ብሎ ሰደበው። ከጊዜ በኋላ ስድቡ የሥራ ስም ሆነ፤ ዛሬ ያለ እነዚህ ‹‹አሽከሮች›› ማንም ትልቅ ውድድር አያሸንፍም።

የደግራንዥ አሳብ በቀላሉ የሚጣል አይደለም። ድል የብርታት ምስክር ከሆነ፣ በሰው ጀርባ ተጠልሎ የመጣ ሰው ምን ይመሰክራል? እኛም በትምህርት ቤት በሌላው ሥራ የተሸለመውን ተማሪ አናከብረውም። ይሁንና ይህ አሳብ አንድ የማይቻል ነገር ይጠይቃል፤ ከማንም ምንም ያልተቀበለ ሰው ይጠይቃል። እንዲህ ያለ ሰው በብስክሌት መንገድ ላይም ሆነ በሕይወት መንገድ ላይ አልታየም። ስለዚህ ትክክለኛው ጥያቄ ‹‹ተረድቷልን?›› ሳይሆን ‹‹እርዳታው እንዴት ተሰጠ? እንዴትስ ተቀበለው?›› የሚለው ነው።

ስለ አሰጣጡ የረኔ ቪየቶ ታሪክ ብዙ ያስተምራል። እ.ኤ.አ. በ1934 ቪየቶ የ20 ዓመት ወጣት ነበር፤ ቀደም ሲል በሆቴል ተላላኪነት ይሠራ ነበር። በዚያ ዓመት በቱር ደ ፍራንስ አራት የዕለት ውድድሮችን አሸነፈ፤ በተራራ ላይም የሚስተካከለው አልተገኘም። የፈረንሳይ ቡድን መሪ ግን አንቶናን ማኝ ነበረ። በፒሬኔ ተራሮች ማኝ ወድቆ ጎማው ሲሰበር ቪየቶ የራሱን አውልቆ ሰጠው፤ እርሱም በመንገድ ዳር በግንብ ላይ ተቀምጦ የእርዳታ መኪናውን እየጠበቀ አለቀሰ። በማግስቱ ማኝ እንደገና ችግር ደረሰበት፤ ቪየቶ ከፊት ሆኖ ይህን በሰማ ጊዜ ብስክሌቱን አዙሮ የወረደውን ዳገት ተመልሶ ወጣና ለመሪው ሰጠው። ማኝ ቱሩን አሸነፈ፤ ቪየቶ አምስተኛ ሆነ። ጎማውን ባይሰጥ ኖሮ በእርግጥ ያሸንፍ ነበር ለማለት አይቻልም፤ ነገር ግን ከዚያ በኋላ በተወዳደረባቸው ዓመታት ሁሉ ቱሩን አንድም ጊዜ አላሸነፈም።

በዚህ ታሪክ ውስጥ እኔን የሚያሳስበኝ እንባው ነው። አንዳንዶች ‹‹በልቡ ደስ ያላለው ሰው መሥዋዕትነቱ ሙሉ አይደለም›› ይላሉ። እኔ ግን እንዲህ አይመስለኝም። ዋጋ የሌለውን ነገር የሰጠ ሰው አያለቅስም። እንባው የሚያሳየው የሰጠውን ነገር ዋጋ ማወቁን ነው። በይበልጥም የሁለተኛው ቀን ሥራው ይመሰክርለታል። በመጀመሪያው ቀን መሪው አጠገቡ ነበር፤ ግዴታውን ፈጸመ ማለት ይቻላል። በሁለተኛው ቀን ግን ትናንት ምን እንዳስከፈለው እያወቀ ወደ ኋላ ተመለሰ። ዋጋውን ያላወቀ ሰው ደግነትና ዋጋውን ያወቀ ሰው ደግነት አንድ አይደሉም።

ሆኖም ወንድሞችና እኅቶች፣ ለሌላው መሥዋዕት መሆን ሁሉ መልካም ነው ብለን እዚህ ላይ ብናቆም ትልቅ ስሕተት ይሆናል። አገልግሎት ወሰን አለው። ወሰኑ የት እንደሆነ ሁለት ታሪኮች ያሳዩናል።

የመጀመሪያው የሮማ ኦሊምፒክ ታሪክ ነው። ያ ዓመት፣ እ.ኤ.አ. 1960፣ ለእኛ የአበበ ቢቂላ ዓመት ነው። አበበ መስከረም 10 ቀን 1960 በባዶ እግሩ ማራቶንን ከማሸነፉ ከ15 ቀን በፊት፣ ነሐሴ 26 ቀን፣ በዚያችው ከተማ የ100 ኪሎ ሜትር የቡድን የብስክሌት ውድድር ተደርጎ ነበር። (ቀኖቹ በፈረንጆች አቈጣጠር ናቸው።) በዚህ ውድድር አራት ሰዎች አብረው ይነሣሉ፤ የቡድኑ ሰዓት የሚያዘው ግን ሦስተኛው ሰው መስመሩን ሲያልፍ ነው። ሕጉን ልብ በሉት። ከሁሉ የበረታው ሰው ጥሎ ቢሮጥ ምንም አይጠቅመውም፤ የቡድኑ ፍጥነት የሦስተኛው ሰው ፍጥነት ነው። በአሳቡ እጅግ መልካም ሕግ ነው፤ ብርቱው ደካማውን እንዲያስብ ያስገድዳል።

በዚያን ዕለት ሙቀቱ ከባድ ነበር። ከዴንማርክ አራት ልጆች አንዱ በሙቀቱ ተሸንፎ አቋረጠ፤ ሦስት ቀሩ። ከእንግዲህ አንድ ሰው ቢጎድል ቡድኑ በሙሉ ከውድድር መውጣቱ ነው። ክኑድ ኤነማርክ ዬንሰን የተባለው የ23 ዓመት ወጣት ራሱን አዞረው። ጓደኞቹ ግራና ቀኝ ሆነው ደግፈው ያዙት፤ ውኃም ረጩበት። ጥቂት የተሻለው መስሎ ሲለቁት ግን ወደቀና ጭንቅላቱ ተሰበረ፤ በዚያው ዕለት ሞተ። የሬሳ ምርመራው የሞቱን ምክንያት የሙቀት ምት አለው፤ ኃይል ሰጪ መድኃኒት ወስዶ ነበር የሚለው ወሬ ግን ለብዙ ዓመታት ሲያከራክር ኖረ፤ ስፖርተኞችን ስለ መድኃኒት መመርመር እንዲጀመር ከገፋፉት ነገሮች አንዱም ይኸው ሞት ነበር።

ጓደኞቹን ለመክሰስ አላነሣሁትም፤ የያዙት በፍቅር ነበርና። ነገር ግን ደካማውን እንዲያስብ የተደነገገው ያው ሕግ፣ ሦስት ብቻ በቀሩ ጊዜ፣ ደካማው ማረፍ እንዳይችል አደረገው። ከዚህ የምንማረው አንድ ነገር አለ፤ ቡድን ለሰው ተሠራ እንጂ ሰው ለቡድን አልተሠራም። አንዱ ሲወድቅ ‹‹ውድድሩ ይቅር›› ማለት የማይችል ኅብረት፣ ምንም ያህል ቢዋደድ፣ ሚዛኑን ስቷል።

ሁለተኛው ታሪክ የውሸት ታሪክ ነው። አሜሪካዊው ላንስ አርምስትሮንግ ከ1999 እስከ 2005 እ.ኤ.አ. ሰባት ጊዜ በተከታታይ ቱር ደ ፍራንስን አሸነፈ ተብሎ ነበር። በ2012 እ.ኤ.አ. በተከለከለ መድኃኒት መጠቀሙ ተረጋግጦ ሰባቱም ድሎች ተሠረዙ። በምርመራው ከመሰከሩት መካከል 11ዱ የቀድሞ የቡድን ጓደኞቹ ነበሩ። እነዚህ ሰዎች ነፋሱን ተቀብለውለት ነበር፤ ከነፋሱ ጋር ግን ውሸቱንም ለዓመታት ተሸክመውለት ነበር። በዚያው በ1999 ደግሞ ክሪስቶፍ ባሶን የተባለ ፈረንሳዊ ጋላቢ መድኃኒት አልወስድም ብሎ፣ ነገሩንም በጋዜጣ በመጻፉ፣ ከሌሎቹ ጋላቢዎች ተገልሎ ውድድሩን ጥሎ ወጣ። በሕዝብ ዘንድ ያን ጊዜ አንደኛው ጀግና፣ ሁለተኛው ተሸናፊ ነበረ። እንግዲህ ለጓደኛ መታመን ትልቅ ነገር ነው፤ ነገር ግን እውነትን ካስካደ ታማኝነት መሆኑ ቀርቶ ግብረ አበርነት ይሆናል።

አሁን ወደ መጀመሪያው ጥያቄያችን እንመለስ። ድሉ የማን ነው? በቡድናችን ውስጥ ይህ ነገር አንድ ቀን ብርቱ ክርክር አስነሥቶ ነበር። ከአንድ ትንሽ ውድድር በኋላ፣ እስከ መጨረሻው ዳገት ድረስ ነፋሱን የተቀበለው ልጅ ‹‹ዋንጫው የእኔም ነው›› አለ። ያሸነፈው ደግሞ ‹‹የመጨረሻዋን መቶ ሜትር አንተ አልጋለብክልኝም›› አለው። ሁለቱም እውነት ተናገሩ፤ የተጣሉትም ስለዚሁ ነው። ታላላቆቻችን በአስታራቂነት ሲገቡ አንዱ፣ በትልልቆቹ የአውሮፓ ቡድኖች አሸናፊው የሽልማት ገንዘቡን ለጓደኞቹ የማካፈል ልማድ እንዳለው ነገራቸው። በእኛ ውድድር ግን ገንዘብ አልነበረም፤ አንድ የቆርቆሮ ዋንጫ ብቻ። ዋንጫ ደግሞ አይቆረስም።

እኔ በነገሩ ላይ ብዙ ካሰብኩ በኋላ የደረስኩበት ይህ ነው። ክብርና ዕዳ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ክብር አይከፈልም፤ በመስመሩ ላይ የሚያልፈው አንድ ጎማ ነውና ለአንድ ሰው ይሰጣል፤ ይህም ግፍ አይደለም። ዕዳው ግን ከክብሩ ጋር አብሮ ወደ ቤት ይገባል። አሸናፊው የተቀበለው ዋንጫ ብቻ አይደለም፤ የብዙ ሰው ጉልበትም በእጁ ነው። የደቦ ጠሪ ሰዎቹን አብልቶና አጠጥቶ ሲሸኝ ነገሩ እንዳላለቀ ያውቃል፤ ነገ ሲጠሩት ሞፈሩን ይዞ ይወጣል። ነፋስ የተቀበለ ሰው ድርሻም ይኸው ነው፤ የዋንጫው ቁራሽ ሳይሆን፣ አሸናፊው ከእንግዲህ ለራሱ ብቻ እንዳይጋልብ የመጠየቅ መብት ነው።

ጽጋቡ ግርማይ እ.ኤ.አ. በ2016 ቱር ደ ፍራንስን ለመጋለብ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆነ። በአውሮፓ ቡድኖች ውስጥ በብዙው የሠራው ሥራ ግን ሌሎችን ማገዝ ነበር። በ2024 እ.ኤ.አ. ኤርትራዊው ብንያም ግርማይ በዚያው ውድድር ሦስት የዕለት ድሎችና የአረንጓዴውን ማልያ ሲያገኝ፣ ዓለም ያየው በመጨረሻዋ ሁለት መቶ ሜትር እጁን ሲያነሣ ነው። ከዚያ በፊት የነበረውን መንገድ ያሳለፉት ሰዎች በፎቶግራፉ ላይ የሉም። ሁለቱንም ሥራ የሚያውቅ ሰው ሁለቱንም በእኩል ያከብራል።

ይህ ሁሉ ስለ ብስክሌት ብቻ ቢሆን ኖሮ የዚህን ገጽ ቀለም ባላባከንኩ ነበር። እኛ ዩኒቨርስቲ የገባን ወጣቶች እስኪ ዞር ብለን እንይ። በማን ጀርባ ተጠልለን ነው እዚህ የደረስነው? አንዳችን ስንማር ውኃ የቀዳች፣ እንጀራ የጋገረች፣ ከስምንተኛ ክፍል ትምህርቷን ያቋረጠች ታላቅ እኅት በብዙዎቻችን ቤት አለች። በምረቃው ቀን ጋዋን የሚለብሰው አንዱ ነው፤ ፎቶግራፉም ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው የእርሱ ነው። እኅቱ በእርሱ ደስታ ደስ ይላታል፤ ደስታዋም እውነተኛ ነው።

ነገር ግን በቪየቶና በእርሷ መካከል አንድ ልዩነት አለ። ቪየቶ ብስክሌቱን አዙሮ የተመለሰው ራሱ ነው። እርሷን ግን ማንም አልጠየቃትም። ተራም አልወጣላትም፤ ክርኑን ነቅንቆ ‹‹አሁን አንቺ ዕረፊ›› ያላት የለም። በልምምድ ላይ ሁልጊዜ ከኋላ ተጠልሎ የሚሄድና ተራው ሲደርስ እንዳላየ የሚሆን ሰው ብናገኝ እንወቅሰዋለን። በቤታችንስ? ያልተጠየቀ ሰው የከፈለው ዋጋ ‹‹መሥዋዕትነት›› ተብሎ ሲመሰገን፣ ምስጋናው ዕዳን ማምለጫ እንዳይሆን እፈራለሁ።

ስለዚህ የሚከተሉትን በትሕትና አቀርባለሁ። የሌላውን ነፋስ የምትቀበሉ፣ በፈቃዳችሁ ይሁን፤ ውሸት ተሸከሙ ስትባሉ ግን እምቢ በሉ። ተጠልላችሁ የምትሄዱ፣ የማን ጀርባ እንደሆነ በስም ዕወቁ፤ ጉልበታችሁ ሲመለስም ሳትጠሩ ወደ ፊት ውጡ። ተራችሁ መቼ እንደሚደርስ የሚነግራችሁ ደወል የለም። የተማረው ወንድም የመጀመሪያ ደመወዙን ሲቀበል፣ እኅቱ በማታ ትምህርት ቤት ከዘጠነኛ ክፍል ብትጀምር ዕድሜዋ አላለፈም። መንገዱ ገና ረጅም ነው፤ ነፋሱም አላቆመም።

በዚህ አሳብ የማይስማማ፣ በተለይም ‹‹ያልተጠየቀ መሥዋዕትነት›› ባልኩት ላይ የሚከራከር ወንድም ወይም እኅት ቢኖር፣ መልሱን ለሚቀጥለው እትም ጽፎ ለዝግጅት ክፍሉ ቢሰጥ ሁላችንም እንማርበታለን።